ክሪኬት ተጫውተን ያቃጠልነው ካሎሪ ለምን ይሳሳታል? ችግርና መፍትሄ

በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ከተማ በሻርጃ፣ አርብ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ከህንድና ከፓኪስታን የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ክሪኬት እጫወታለሁ። ኳሳችን የኤሌክትሪክ ቴፕ የተጠቀለለበት የቴኒስ ኳስ ነው። ለየቡድኑ 20 ኦቨር እንጫወታለን (አንድ ኦቨር ስድስት ውርወራ ነው)፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መጀመሪያ ሰሞን ስማርት ዋቼ በየጨዋታው ከ1,000 ካሎሪ በላይ ያሳየኝ ነበር። እሱን አምኜ ምሳዬን ጨመርኩ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ሁለት ኪሎ ጨመርኩ። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ ደክሜያለሁ፤ እናንተ በዚያ እንዳታልፉ ነው ይህን የምጽፈው።

ምልክት፦ ሦስት ሰዓት ተጫውቼ ከ1,000 ካሎሪ በላይ አሳየኝ

ምክንያቱ የጨዋታው ርዝመትና የእናንተ እንቅስቃሴ አንድ ተደርጎ መቆጠሩ ነው። የአካል እንቅስቃሴ የሚለካበት ሜት የሚባል መለኪያ አለ። ዝም ብሎ ማረፍ 1 ሜት ነው፤ ይህም በአንድ ኪሎ ክብደት በሰዓት 1 ካሎሪ ያህል ማለት ነው። ክሪኬት በ4.8 ሜት ይመዘገባል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 70 በ4.8 በ3 ሰዓት ሲባዛ 1,008 ይመጣል።

ግን ማን ነው ሦስት ሰዓት ሙሉ የተጫወተው? በክሪኬት ቡድናችሁ ባት በሚያደርግበት (የተወረወረውን ኳስ በዱላ በሚመታበት) ሰዓት ሜዳ ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። የቀሩት ዘጠኙ ጥላ ሥር ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

መፍትሄው ሰዓቱን መከፋፈል ነው። ፊልዲንግ ላይ (ሌላው ቡድን የሚመታውን ኳስ ለመያዝ ሜዳ ላይ) ለቆማችሁበት አንድ ሰዓት ተኩል 504 ካሎሪ ያዙ። ግማሽ ሰዓት ባት ካደረጋችሁ 168 ጨምሩ። ለተቀመጣችሁበት አንድ ሰዓት 1.3 ሜት ስለሚበቃ 91 ነው። ድምሩ 763 ይሆናል። በዚህ አላበቃም፤ ቤት ተኝታችሁ ብትውሉም ሰውነታችሁ በሦስት ሰዓት 210 ያቃጥል ነበር። ያንን ስትቀንሱ ጨዋታው የጨመረላችሁ 553 ነው። ምግባችሁን ስታሰሉ የምትይዙት ይህንን ብቻ ነው። ባት ስታደርጉ በመጀመሪያው ኳስ ከጨዋታ ከወጣችሁ ደግሞ ወደ 430 ይወርዳል።

ምልክት፦ 30 ራን (ነጥብ) ያስቆጠርኩት እኔ፣ ብዙ ካሎሪ ያቃጠለው 8 ያስቆጠረው ጓደኛዬ

ይህ ጥያቄ ሜዳችን ላይ በየሳምንቱ ይነሳል። ሁለቱ ባት አድራጊዎች ከመስመር እስከ መስመር ሮጠው ቦታ ሲቀያየሩ አንድ ራን ይቆጠራል፤ ግን ነጥብ ሁሉ ሩጫ አይደለም። ኳሱ መሬት ለመሬት ሄዶ የሜዳውን ጠርዝ ካለፈ 4፣ በአየር ካለፈ 6 ይያዝላችኋል፤ ለዚህ መሮጥ አያስፈልግም። ከ30ዎቹ አራቱ ባለ 4፣ አንዱ ባለ 6 ቢሆኑ 22ቱ ያለ ሩጫ የመጡ ናቸው፤ በእግር የመጡት 8 ብቻ ናቸው። የጓደኛችሁ 8 በሙሉ በሩጫ ከሆነ ደግሞ ሁለታችሁም 16 ጊዜ ሮጣችኋል፤ ምክንያቱም አንዱ ሲመታ ወዲያ ማዶ የቆመው አብሮ ይሮጣል። ከመስመር እስከ መስመር 17.68 ሜትር ስለሆነ ለእያንዳንዳችሁ 283 ሜትር ያህል ይመጣል። እኩል ናችሁ።

ልዩነቱን ያመጣው ቦውሊንግ፣ ማለትም ኳስ መወርወር ነው። ጓደኛችሁ አራት ኦቨር ከወረወረ 24 ጊዜ ተንደርድሯል። መንደርደሪያው 15 ሜትር ከሆነ 360 ሜትር በፍጥነት ሮጦ፣ ያንኑ ያህል በእግሩ ተመልሷል ማለት ነው፤ ትከሻውና ወገቡ የሚሠሩት ሳይቆጠር። ስለዚህ ከውጤት ሰሌዳው ይልቅ የሮጣችኋቸውን ራኖችና የወረወራችኋቸውን ኳሶች መዝግቡ። እኔ አራት ኦቨር የወረወርኩ ቀን ከ4.8 በላይ እይዛለሁ፤ አንድ ቦታ ቆሜ የዋልኩ ቀን ደግሞ ወደ 3 አወርደዋለሁ።

ምልክት፦ ቆሜ ሳለሁ ካሎሪው ይጨምራል፣ ባት ሳደርግ የልብ ምቱ ይዘላል ወይም ይጠፋል

ቆማችሁ እያለ የሚጨምረው በሙቀቱ ነው። ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ደም ወደ ቆዳ ስለሚልክ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ሰዓቱ ግን ይህን እንደ ሥራ ይቆጥረዋል። የባህረ ሰላጤው ሙቀት ደግሞ ቀላል አይደለም። በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት የእጅ መለኪያዎችን ሲፈትሹ አብዛኞቹ የልብ ምትን በደንብ ለክተው ነበር፤ በካሎሪ ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ስቷል። በሞቃት ቀን የሰዓቱን ካሎሪ ትታችሁ ከላይ ባለው ስሌት ሥሩ።

ባት ስታደርጉ የሚመጣው ችግር ሌላ ነው። እጀታውን ጨምቃችሁ ስትይዙ የእጅ አንጓ ይታጠፋል፣ ጓንቱ ሰዓቱን ይገፋዋል፣ ከሥሩ የሚበራው የልብ ምት መለኪያ አረንጓዴ መብራት ከቆዳው ይለያል። ሰዓቱን ከአንጓ አጥንት ሁለት ጣት ከፍ አድርጋችሁ፣ ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጉት። ደረት ላይ የሚታሰረው መለኪያ ካላችሁ እሱ ይሻላል።

ምልክት፦ ካሎሪ የሚያሰላው አፕ ውስጥ ክሪኬት የሚል የለም

እግር ኳስን አትምረጡ፤ ለወዳጅነት ጨዋታ እንኳ 7 ሜት ስለሚይዝ ያጋንናል። ቤዝቦል ይቀርባል። ክብደታችሁ በኪሎ ይሁን በፓውንድ የተሞላውም እዩ፤ 70 ኪሎ ብላችሁ ያስገባችሁትን አፑ ፓውንድ አድርጎ ከያዘው ወደ 32 ኪሎ ይወርዳል፣ ካሎሪውም ከግማሽ በታች ይሆናል።

ምልክት፦ ከጨዋታ በኋላ ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ቀነስኩ

ስብ አይደለም፣ ላብ ነው። አንድ ኪሎ ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ስለሚይዝ በአንድ ጠዋት አይጠፋም። ከጨዋታ በፊትና በኋላ ተመዘኑ፤ የጎደለው እያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ነው፤ ቀስ እያላችሁ እስከ ማታ ጠጥታችሁ ተኩት። ስብ መቀነሱን የምታዩት በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ምንም ሳትቀምሱ ስትመዘኑ ነው።