ስካነሩ የሚያጠፋው ፕሮፔለር

ከአንድ አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ዳር የተነሱ የድሮ ስላይዶችን (በትንሽ ክፈፍ የተያዙ የፊልም ፎቶዎችን) ስካን እያደረግኩ ነው። ዲሲ-3 እና ፎከር 27 የተባሉ ባለፕሮፔለር አውሮፕላኖች ይበዙባቸዋል። ችግሩ፣ በአንዳንዶቹ ላይ የፕሮፔለሩ ጠርዝ ተቆራርጦ ይወጣል። ቀጭኑ የአንቴና ሽቦ ጭራሽ የለም። የምዝገባ ቁጥሩም ይደበዝዛል። ለእኔ ደግሞ ያ ቁጥር የፎቶው ነፍስ ነው፤ የአውሮፕላኑን ታሪክ መከታተል የሚቻለው በእሱ ነው።

መጀመሪያ ትኩረቱን አስተካከልኩ። ለውጥ የለም። ፍንጩ የተገኘው ከስላይዶቹ ክፈፍ ላይ ነው፤ የተበላሹት በሙሉ ኮዳክሮም የተባለው የኮዳክ ኩባንያ ፊልም ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስካነሩ አቧራን ለይቶ ከምስሉ የሚያጠፋው ለዓይን በማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። የአብዛኛው ባለቀለም ፊልም ምስል ይህን ብርሃን ያሳልፋል፤ አቧራ ግን ያግደዋል። ኮዳክሮም ላይ ጠቆር ያለው የምስሉ ክፍል ራሱ ብርሃኑን በከፊል ያግዳል። ስለዚህ ስካነሩ ጥቁሩን ፕሮፔለር ቆሻሻ ነው ብሎ ያጠፋዋል።

ለኮዳክሮም የኢንፍራሬድ ማጽጃውን ዘጋሁት። አቧራውን በእጅ በሚጨመቅ ጎማ እፍ አድርጌ አራገፍኩ። የቀረውን ነጠብጣብ በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም አንድ በአንድ አነሳሁ። አብዛኛው ሰማዩ ላይ ስለሆነ ብዙም አያስቸግርም። አውሮፕላኑ አካል ላይ ያለውን ግን እያጎላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ሥሩት። ጊዜ ይበላል፣ ግን በጣም ያዋጣል! ሽቦዋ ሳትቀር ተመልሳለች።

ለሌሎቹ ባለቀለም ስላይዶች ማጽጃው እንደበራ ይቆይ። ምስሉ ከብር ማዕድን የተሠራ የጥቁርና ነጭ ፊልም ካላችሁ ግን እዚያም ዝጉት።