የኬሞ ማቅለሽለሽን ሳይጀምር መያዝ

እናቴ ባሕር ዳር ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) የጀመረች ዕለት ማታ ደህና ነበረች። አጥሚቷን ጠጣች፤ ከጎረቤት ጋር ስትጫወት አመሸች። እኔም «ካላቅለሸለሻት ክኒን ምን ያደርግላታል?» ብዬ የታዘዘላትን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በሦስተኛው ቀን ሆዷ ውሃ እንኳ አልይዝ አለ። እባካችሁ ይህን አትድገሙት።

ከኬሞው በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። ሁሉም የኬሞ መድኃኒት እኩል አያስመልስም። ሲስፕላቲን በጣም ያስመልሳል፤ ቪንክሪስቲን እምብዛም ነው። የማስመለስ መከላከያውም በዚሁ ይመረጣል።

ዋናው ነገር መከላከያውን ቀድሞ መውሰድ ነው። ትውከት አንዴ ከተነሳ ማቆሙ ከባድ ነው። ደግሞም የሚመጣው በሁለት ዙር ነው። አንደኛው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ነው። ሌላው ከዚያ በኋላ ተነስቶ ለቀናት ይቆያል፤ በሲስፕላቲን 2ኛውና 3ኛው ቀን ይበረታል። እኔን ያዘናጋኝ ይሄ ነው። ስለዚህ መከላከያው ኦንዳንሴትሮንም ይሁን ዴክሳሜታሶን፣ ለስንት ቀን እንደሚወሰድ አጽፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። «በየ8 ሰዓቱ» ማለት «8 ሰዓት ላይ» ማለት አይደለም፤ አስረድታችሁ ለቤተሰቡ ንገሩ። የስልክ ማንቂያ ከማንም ትዝታ ይበልጣል። ክኒኑን እንደዋጠች ካስመለሳት ሐኪሙን ደውላችሁ ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አትድገሙላት። ኦንዳንሴትሮን ሆድ ያደርቃል፤ ይህንንም ለቤተሰቡ ንገሩ። የሌላ ታማሚ ክኒን መዋስ ግን አይሆንም።

ምግቡ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይሁን። የፎገራ ሩዝ፣ ቅቅል ድንች፣ ደረቅ ዳቦ ይስማማል። ቀዝቀዝ ያለ ምግብ ሽታው ይቀንሳል። የሽንኩርት ቁሌት፣ ዕጣን፣ የሚቆላ ቡና ከታማሚ ይራቅ። እኛ ቡናውን ጎረቤት ቤት ማፍላት ጀመርን፤ ማንም አልተቀየመም። የምትወደውን ምግብ በኬሞው ዕለት አታብሏት። እኔ የጣና ዓሣ ጠብሼ አበላኋት፤ ከዚያ ወዲህ ሽታውንም ጠላችው።

ውሃ በፉት በፉት ትጠጣ። ለባጃጁ ፌስታል ያዙ።

ለ24 ሰዓት ፈሳሽ ካልረጋላት፣ ሽንቷ ከቀነሰ ወይም ከጠቆረ፣ ትውከቱ ደም ካለው ወደ ሐኪም ውሰዷት። ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ እስኪነጋ አትጠብቁ።