ፕለጊናችሁ መልቲሳይት ላይ መሆኑን በኮድ እንዴት ያውቃል?

የወርድፕረስ ፕለጊን የምትጽፉ ሰዎች፣ አንድ ሳይት ላይ ቆንጆ የሚሰራው ኮዳችሁ መልቲሳይት (አንድ ወርድፕረስ ብዙ ሳይቶችን እንደ አንድ ኔትወርክ የሚያስተዳድርበት አሰራር) ላይ ሲጫን የሚንገራገጭ ከሆነ መጀመሪያ ቼክ የምታደርጉበትን መንገድ እዩት።

ብዙ ሰው ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ «ደብሊውፒ_አላው_መልቲሳይት» የሚለውን ኮንስታንት አይቶ በቃ መልቲሳይት ነው ይላል፣ አይደለም! እሱ ቱልስ ሜኑ ስር የኔትወርክ ሴታፕ ገጹን ከማውጣት ውጪ ምንም አይሰራም፣ ኔትወርኩ ገና ላይፈጠር ይችላል። ዳታቤዝ ውስጥ የብሎግስ ቴብል መኖሩን ማየትም አያስተማምንም፣ መልቲሳይቱን ያጠፋ ሰው ቴብሎቹን ሳይሰርዝ ትቷቸው ሊሆን ይችላላ።

ትክክለኛው መንገድ «ኢዝ_መልቲሳይት» የሚለው ፈንክሽን ነው፣ በፈረንጆቹ 2010 ከወጣው ቨርዥን 3.0 ጀምሮ አለ። ከፍታችሁ ብታዩት በጣም አጭር ነው፦ «መልቲሳይት» የሚባል ኮንስታንት ዲፋይን ከተደረገ የሱን ቫልዩ ይመልሳል፣ እሱ ከሌለ «ሰብዶሜይን_ኢንስቶል»፣ «ቪሆስት» ወይም «ሰንራይዝ» ከሚባሉት አንዱ ካለ ትሩ ይላል፣ አንዱም ከሌለ ፎልስ። ዳታቤዝ ስለማይነካ የፈለጋችሁትን ያህል ብትጠሩት ሳይቱን አያከብደውም።

«ስዊች_ቱ_ብሎግ» (ወደ ሌላ ሳይት የሚያሻግረው) እና «ጌት_ሳይትስ» (የሳይቶቹን ዝርዝር የሚያመጣው) ሎድ የሚሆኑት መልቲሳይት ላይ ብቻ ስለሆነ ሳትጠይቁ ከጠራችኋቸው ነጠላ ሳይት ላይ ፌታል ኤረር ነው የሚጠብቃችሁ፣ ስለዚህ ሁሌም ኢፍ ውስጥ አስገቧቸው። «ጌት_ከረንት_ብሎግ_አይዲ» (ያላችሁበትን ሳይት ቁጥር የሚሰጠው) ግን ነጠላ ሳይት ላይም 1 ስለሚመልስ በሱ መለየት አይቻልም።

ቼኩ ትሩ ካለ በኋላ ነው ዋናው ስራ ያለው። ፕለጊኑ ለሙሉ ኔትወርኩ አክቲቬት ሲደረግ አክቲቬሽን ሁኩ (ፕለጊኑ አክቲቬት ሲደረግ ፈንክሽናችሁን የሚጠራው) ለየሳይቱ አይሮጥም፣ አንዴ ብቻ ነው፣ ለፈንክሽናችሁ የሚያቀብለው ፓራሜትር ትሩ ከሆነ ግን ለኔትወርኩ በሙሉ መሆኑን ታውቃላችሁ። የራሳችሁን ቴብል ለየሳይቱ የምትፈጥሩ ከሆነ በ«ጌት_ሳይትስ» ሉፕ አድርጉና ወደየሳይቱ በ«ስዊች_ቱ_ብሎግ» ግቡ፣ እባካችሁ «ነምበር» የሚለውን 0 አድርጉት፣ ዝም ካላችሁት 100 ሳይት ብቻ ነው የሚያመጣው፣ ከዛ በላይ ያሉት ያለ ቴብል ይቀራሉ፣ ኤረርም አይታያችሁም። እያንዳንዱን ዙር ስትጨርሱ እዛው ሉፑ ውስጥ «ሪስቶር_ከረንት_ብሎግ» የሚለውን ፈንክሽን ጠርታችሁ ወደነበራችሁበት ሳይት ተመለሱ።

በኋላ ለሚፈጠሩ አዲስ ሳይቶች ደግሞ ከ5.1 ጀምሮ ያለውን «ደብሊውፒ_ኢኒሻላይዝ_ሳይት» ሁክ ተጠቀሙ፣ የድሮው «ደብሊውፒኤምዩ_ኒው_ብሎግ» ዴፕሪኬትድ ሆኗል።