ከውጅግራ እስከ ቤልጅግ፦ አሮጌ ጠመንጃ የሚሰበስቡ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጣና ዙሪያ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ጠመንጃ ያለበት ቤት ጥቂት አይደለም። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት የታጠቀው የስናድር ዓይነት፣ ከፈረንሳይ የመጡት ውጅግራና ለበን፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት መንግሥት ከቤልጅየም ያስገባው ቤልጅግ፣ እያንዳንዳቸው የገቡበትን ዘመን ታሪክ ይዘው ይገኛሉ። በባሕር ዳር እነዚህን መሣሪያዎች ለተኩስ ሳይሆን ለታሪክነታቸው ብለው ማኖር የሚሹ ሰዎች ሲያማክሩኝ የሚፈጽሙት ስህተት ተቀራራቢ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ዋና ዋናዎቹን እዚህ ላይ አንድ በአንድ አነሣለሁ።

የመጀመሪያውና ከሁሉም የሚብሰው ስህተት የጠመንጃውን ዕድሜ እንደ ፈቃድ መቁጠር ነው። ብዙ ጊዜ ይህ አስተሳሰብ የሚመጣው ከሌላ አገር ሕግ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ እ.ኤ.አ. እስከ 1898 መጨረሻ ድረስ የተሠራን ጠመንጃ ጥንታዊ ዕቃ ብሎ ስለሚለየው፣ የዚያን አገር ሰብሳቢዎች ጽሑፍ ያነበበ ሰው የእኛም ውጅግራ በዚሁ መንገድ ነጻ የወጣ ይመስለዋል። በእኛ አገር ግን የሚሠራው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በወንጀል ያስጠይቃል። አንድ ጠመንጃ «ዕቃ» ነው ወይስ «መሣሪያ» የሚለውን የሚወስነው ባለቤቱ ሳይሆን ፈቃድ ሰጪው የፖሊስ አካል ነው። ስለዚህ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ጠመንጃው ከመገዛቱ ወይም ከውርስ ከመረከቡ በፊት ነው። ፈቃድ በሰው ስም የሚሰጥ መሆኑን የሚዘነጉ ወራሾችም አሉ፤ አባት በፈቃድ የያዙት ጠመንጃ ልጅ ዘንድ ሲደርስ ጉዳዩ እንደ አዲስ መታየት አለበት።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ የዋህነት አለ። ሰውየው ሕጉን አክብሮ ለመጠየቅ ይነሣና ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልሎ አውቶቡስ ይሳፈራል። ኬላ ላይ ሲያዝ «ላስመዘግብ እየሄድኩ ነው» ማለቱ እውነት ቢሆንም የሚያምነው አያገኝም። መጀመሪያ ባዶ እጅን ሄዶ ማመልከት፣ መሣሪያው እንዴትና በማን እንደሚቀርብ መመሪያ መቀበል ይገባል።

ሦስተኛው ስህተት የዘመን ቆጠራ ነው፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስገርመኝም ይኸው ነው። በውጅግራ ብረት ላይ 1874 የሚል ቁጥር ይታያል። ባለቤቱ በእኛ አቆጣጠር ያነበውና «ከአድዋ ጦርነት በፊት በ14 ዓመት የተሠራ» ይላል። ቁጥሩ ግን የፈረንጆች ዓመት ስለሆነ ልዩነቱ 22 ዓመት ነው፤ በዚያ ላይ የሚያመለክተው የሞዴሉን ዓመት እንጂ ያ ጠመንጃ ከፋብሪካ የወጣበትን ዓመት አይደለም። የፈረንሳይ ጦር ይህን ባለ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1874 ሲሆን፣ ንድፉን ያወጣው መኮንን ግራ ይባል ነበር፤ «ፉዚ ግራ» የሚለው የፈረንሳይኛ ስም በእኛ አፍ ተገርቶ ውጅግራ ሆነ። ከሞዴሉ ዓመት ጎን «ኤም 80» የሚል ካለ እ.ኤ.አ. በ1880 የተደረገውን ማሻሻያ ያሳያል። የተሠራበት ዓመት የሚፈለገው በአፈሙዙ ብረት ላይ ለብቻው ከተመታው ቁጥር ነው። የጣሊያን ጠመንጃም ሌላ ወጥመድ አለው። ከዓመቱ አጠገብ በሮማውያን ቁጥር 14 ተጽፎ ከተገኘ የፋሺስቱ አገዛዝ 14ኛ ዓመት ማለት ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1935 እስከ ጥቅምት 1936 ያለው ጊዜ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ጠመንጃ አድዋ ላይ ሊማረክ አይችልም። የአያትን ወግ ማክበር መልካም ነው፤ ብረቱ የሚናገረውን ማንበብ ግን የግድ ነው።

አራተኛው ማሳመር ነው። ዘጌ የሚኖሩት አጎቴ በስማቸው ያስመዘገቡትን ውጅግራ «አርጅቶ ያሳፍራል» ብለው አንድ አናጢ ቤታቸው ድረስ አስመጡ። አናጢው ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ቫርኒሽ ቀባው። ሰደፉ እንደ አዲስ አልጋ አብለጨለጨ። ከመፈግፈጉ በፊት በሰደፉ ቀኝ ጎን፣ የማሪያ ቴሬዛ ብር የምታህል ክብ የፋብሪካ ማኅተም ነበረችበት፤ አሁን በቦታዋ ለስላሳ እንጨት ብቻ አለ። ቀደም ብዬ ፎቶግራፍ ባላነሣት ኖሮ መኖሯንም የሚያምነኝ አልነበረም። የጥቁረት መልክ፣ የእጅ ወዝ፣ ከጊዜ በኋላ የተመታ ምስማር ጭምር የጠመንጃው ታሪክ ናቸው፤ ስለዚህ የሚነሣው ብረቱን አሁንም እየበላ ያለ ዝገት ብቻ ነው፣ እሱም በጨርቅና በቀጭን ዘይት እንጂ በሞረድ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ ከመጠገኑ በፊት ቅርስን የሚያስተዳድረው የመንግሥት ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ይሁንታ እንዲገኝ ይጠይቃል።

አምስተኛው አቀማመጥ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሐይቁ ዳር አየር እርጥብ ስለሆነ፣ በቆዳ አፎት ውስጥ የተቀመጠ ጠመንጃ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ይበላል፤ ቆዳው እርጥበቱን ይዞ ይቆያልና። ከምድጃ በላይ ሲሰቀልም ጢስና ሙቀት እየተፈራረቁ እንጨቱን ይሰነጥቁታል። በቅቤ ወይም በኑግ ዘይት መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ቅቤ በውስጡ ውኃ አለበት፣ የኑግ ዘይት ደግሞ ሲውል ሲያድር እንደ ሙጫ ይደርቃል። የስፌት መኪና ዘይት በስሱ ተቀብቶ፣ ጠመንጃው በተቆለፈና አየር በሚያገኝ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል።

መተኮስ ስድስተኛው ነው። ውጅግራና ስናድር የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ ነው፤ ጢስ አልባው ባሩድ በጦር ጠመንጃ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1886 ከለበን ጋር ስለሆነ፣ በቀድሞዎቹ ውስጥ እሱን መጠቀም ብረቱን በተኳሹ ፊት ላይ ሊያፈነዳው ይችላል። ለበንን በተመለከተ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ስምንት ጥይት የሚይዘው ቱቦ ከአፈሙዙ ሥር ስለተደበቀ፣ «ባዶ ነው» የተባለ ጠመንጃ ለብዙ ዓመታት የተረሳ ጥይት ይዞ ሊገኝ ይችላል። በአሮጌ ዝናር ላይ የቀሩ ጥይቶችም እንደ ጌጥ የሚታዩ አይደሉም፤ ለፖሊስ ማሳወቅ ነው የሚሻለው።

የመለያ ቁጥሩን ከነቤቱ ገጽታ ፎቶግራፍ አንሥቶ በቴሌግራም መለጠፍ፣ ለሌባም ለከሳሽም በር መክፈት ነው። ለውጭ አገር ሰው መሸጥ ደግሞ ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው።

የመጨረሻው ስህተት አለመጻፍ ነው። የጣና ገዳማት የተሰጣቸውን ርስትና ንዋየ ቅድሳት በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ፣ ሰጪውንና ምስክሩን ጠቅሰው ያሰፍሩ ነበር። ቤተሰብ ግን «አያታችን የማረኩት ነው» ከማለት አያልፍም። ማን ከማን ተቀበለ፣ የት፣ በየትኛው ዓመተ ምሕረት፣ መለያ ቁጥሩ ስንት ነው፣ የፈቃዱ ወረቀት የት ተቀመጠ የሚለውን በአንድ ደብተር ማስፈር ግማሽ ቀን አይፈጅም። አጎቴ 80 ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ማኅተሟ ከጠፋች በኋላ ደብተሩን እሳቸው እየነገሩኝ እኔ መጻፍ ጀመርኩ፤ እስካሁን የሞላነው ሁለት ገጽ ነው።