ቴትራሳይክሊን እና የልጆች አጥንት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጅ ትኩሳት ሲይዘው እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መድኃኒት መሳቢያው ነው። እዚያ ባለፈው ሰሞን የተረፈ አንቲባዮቲክ አይጠፋም። ካፕሱሉ ይከፈታል፣ ዱቄቱ ማንኪያ ላይ በዓይን ግምት ለሁለት ይከፈላል፣ በስኳር ተለውሶ ይሰጣል። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። ካፕሱሉ ቴትራሳይክሊን ከሆነ ደግሞ ችግሩ የመጠን ብቻ አይደለም።

ቴትራሳይክሊን ካልሲየም ካገኘ ይጣበቃል። የሚያድግ አጥንትና ገና ከድድ ያልወጣ ጥርስ ደግሞ በየቀኑ ካልሲየም የሚከማችባቸው ቦታዎች ናቸው። መድኃኒቱም አብሮ ገብቶ እዚያው ይቀመጣል። በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታይ ያበራል። እ.ኤ.አ. በ1980 ተመራማሪዎች በሱዳን ኑቢያ ከተገኙ፣ ከ1,400 ዓመት በላይ ከቆዩ አጥንቶች ውስጥ ይህንኑ ብርሃን እንዳዩ ጽፈዋል። ያኔ ፋብሪካም ፋርማሲም የለም። ነገር ግን ቴትራሳይክሊንን የሚሠሩት የአፈር ባክቴሪያዎች ናቸውና፣ በእህል በኩል እንደገባ ገመቱ። አጥንት የተቀበለውን እንዲህ ይዞ ይቆያል።

ሁለተኛው ስህተት አጥንትንና ጥርስን አንድ አድርጎ ማየት ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብለን ብናየው ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣ ጥናት ቴትራሳይክሊን የተሰጣቸው፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ታይተው ነበር። ከባት አጥንቶች ቀጭኑ፣ እድገቱ እስከ 40 በመቶ ቀነሰ። መድኃኒቱ ሲቆም ግን እድገቱ ተመለሰ። አጥንት ዕድሜ ልኩን እየፈረሰ የሚታደስ ነገር ነው፤ ጊዜ ካገኘ ያገግማል። ጥርስ እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። አንዴ ከተሠራ አይታደስም። መጀመሪያ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፣ ብርሃን ሲያገኘው ቀስ በቀስ ወደ ግራጫና ቡናማ ይሄዳል። ለዚህም ነው የፊቶቹ ቀድመው የሚጠቁሩት። ስለዚህ «ልጄ አጭር ሆኖ ይቀራል» ብሎ ለሚጨነቅ ወላጅ ጥሩ ዜና አለ፤ «ጥርሱ ሲያድግ ይጠራል» ብሎ ለሚጠብቅ ግን የለም። ቴትራሳይክሊን እስከ 8 ዓመት አይሰጥ የሚባለው ገደብም የመጣው ቋሚ ጥርሶች በአብዛኛው እስከዚያ ስለሚሠሩ ነው።

እርግዝናን መርሳትም አለ። የወተት ጥርስ መጠንከር የሚጀምረው ገና በማኅፀን፣ ከአራተኛው ወር አካባቢ ነው። ለብጉር ቴትራሳይክሊን የምትወስድ ሴት ካረገዘች ሳትውል ሳታድር ለሐኪሟ ትንገር።

ደግሞ በተቃራኒው ከልክ በላይ መፍራት አለ። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ዶክሲሳይክሊን ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ካልሲየም ላይ የሚጣበቀው ግን ከቀድሞው ቴትራሳይክሊን ባነሰ ሁኔታ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ እስከ 21 ቀን ለሚሆን አጭር ሕክምና ዕድሜ ሳይለይ እንዲሰጥ ፈቅዷል። እንደ ታይፈስ ባሉ፣ በቅማልና በመዥገር በሚተላለፉ በሽታዎች ጊዜ መዘግየት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ሐኪም አይቶ ካዘዘው «ጥርሱን ያበላሽብኛል» ብለው እንዳያስቀሩት፤ ስጋትዎን ይንገሩትና ይጠይቁት።

የእንስሳት ጥናትን እንዳለ ወደ ልጅ ማዞርም ያሳስታል። ከሌላ ቤተሰብ የሆኑት አንቲባዮቲኮች፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዘመዶቹ፣ በውሻ ቡችሎች ላይ የመገጣጠሚያ ልም አጥንትን ጎድተዋል። በልጆች ላይ ግን እንደ ቡችሎቹ ያለ ጉዳት በግልጽ አልታየም። ሐኪሞች ግን እስካሁን የሚያዙት ሌላ ጥሩ አማራጭ ሲያጡ ነው። ልጁ በሕክምናው መሃል ጉልበቱን ወይም ተረከዙን አመመኝ ካለ አይናቁት።

ቴትራሳይክሊንን በወተት መዋጥ ትንሽ የምትመስል ስህተት ናት። ካልሲየሙ ገና ሆድ ውስጥ ይይዘውና መድኃኒቱ ሳይሠራ ይወጣል። በውኃ ይዋጥ።

የመጨረሻው ጊዜው ያለፈበትን መውሰድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያረጀ ቴትራሳይክሊን የዋጡ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎድቶ ፎስፌት በሽንት ሲፈስባቸው ታይቷል። አጥንት የሚጠነክረው ደግሞ በካልሲየምና በፎስፌት ነው። ያን ጊዜ የነበረው የመድኃኒቱ አሠራር ዛሬ ተለውጧል፤ መሳቢያው ውስጥ ያለውን ግን ዛሬውኑ ቀኑን ይዩት።