የልጆችን የንባብ ክህሎት እንዴት መመዘንና ነጥብ መስጠት ይቻላል

የንባብ ምዘና ከክፍል ፈተና ይለያል፤ አንድ ልጅ ከአንድ መዛኝ ጋር ተቀምጦ ድምፁን እያሰማ ያነባል፣ መዛኙም እየሰማ ይመዘግባል። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በ6 ቋንቋዎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች የተመዘኑት በዚሁ መንገድ ነበር። ለአንድ ልጅ 15 ደቂቃ ያህል ይበቃል።

መጀመሪያ ልጆቹን ይምረጡ። መምህሩ «ጎበዞቹን» እንዲልክልዎ አይፍቀዱ። ከስም ዝርዝሩ በእኩል ርቀት ይውሰዱ፤ ለምሳሌ ከ40 ተማሪ 10 ከፈለጉ በየ4ኛው።

ቀጥሎ ቦታ። በደብረ ብርሃንና በመንዝ ጠዋት ብርዱ ስለሚበረታ ልጁን ወደ ፀሐይ ማውጣት ያምራል። ነገር ግን ልጁ የሚያነብበት በፕላስቲክ የተለበጠ ካርድ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል፣ ነፋሱም እርስዎ የሚመዘግቡበትን ቅጽ ይገለብጠዋል። ከግድግዳ ጥግ፣ ጥላ ውስጥ፣ ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች የማይሰሙበት ቦታ ይሻላል። የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሥራውን ያቁሙ፤ «ተ»ን ከ«ጠ» መለየት አይቻልም።

ልጁን «ይህ የክፍል ፈተና አይደለም፣ የውጤት ካርድህ ላይ አይገባም» ብለው ያረጋጉ፣ ፈቃዱንም ይጠይቁ። ካልፈለገ ይሂድ። በሸዋ ሮቢት አካባቢ ቤታቸው አርጎብኛ ወይም አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ልጆች ካሉ ትእዛዙን በሚገባቸው ቋንቋ ማስረዳት ይቻላል፤ ንባቡ ግን በአማርኛ ነው።

የተለመደው ቅጽ 100 ፊደል (በ10 ረድፍ)፣ 50 የታወቁ ቃላት፣ 50 ትርጉም የሌላቸው ቃላትና አጭር ምንባብ ይይዛል። ለእያንዳንዱ 60 ሴኮንድ ይሰጣል። ሰዓቱን የሚያስነሡት ልጁ የመጀመሪያውን ፊደል ሲል ነው፤ እርስዎ «ጀምር» ሲሉ አይደለም። የተሳሳተውን በሰረዝ ይምቱ፤ ራሱ ካረመ ሰረዙን ይክበቡት፣ እንደ ትክክል ይቆጠራል። 3 ሴኮንድ ዝም ካለ ቀጣዩን ይጠቁሙና የተዘለለውን ስሕተት ይበሉ። 60 ሴኮንድ ሲሞላ መጨረሻ ያነበበው ላይ ቅንፍ ያድርጉ። የመጀመሪያዎቹን 10 ፊደላት በሙሉ ከሳተ የፊደሉን ክፍል አቋርጠው ይህንኑ ቅጹ ላይ ያመልክቱ።

ብዙ ነጥብ የሚበላሸው ከፊደላችን ጠባይ የተነሣ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በንባብ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። «ገና» በቃላት ዝርዝር ውስጥ ሲመጣ ጠብቆም ላልቶም ትክክል ነው። በምንባብ ውስጥ ግን ትርጉሙ አንዱን ብቻ ስለሚፈቅድ መዛኞች ወደ ትምህርት ቤት ሳይወጡ ቁርጥ ያለ ስምምነት ይያዙ።

ፊደላቱ ተዘበራርቀው የሚቀርቡት ልጆች ገበታውን በዜማ ስለሚያስታውሱት ነው። «ሎ»ን አይቶ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል... ሎ!» የሚል ልጅ ያጋጥማል። የመጨረሻው መልሱ ይያዝለታል፤ የወሰደበት ጊዜ ግን ይቆጠራል። ፍጥነቱ ዝቅ ማለቱ ተገቢ ነው፤ ፊደሉን በዓይኑ ገና አላወቀውም፣ መምህሩም ማወቅ ያለበት ይህንኑ ነው።

ራስዎን አይነቅንቁ፣ በየመልሱ «ጎበዝ» አይበሉ። ልጁ ፊትዎን አይቶ መልሱን ይቀይራል። ማበረታቻውን ለክፍሉ ማብቂያ ያቆዩት፣ ለሁሉም እኩል ይስጡት። ስለ ምንባቡ የሚቀርቡትን የመረዳት ጥያቄዎችም አንብቦ ከደረሰበት ክፍል ብቻ ይጠይቁ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ካነበበው ላይ ስሕተቱን ይቀንሱ፣ በፈጀው ሴኮንድ ያካፍሉ፣ በ60 ያባዙ። በ60 ሴኮንድ እስከ 43ኛው ቃል ደርሶ 6 የሳተ ልጅ በደቂቃ 37 ቃል አነበበ። 60 ቃል ያለውን ምንባብ በ48 ሴኮንድ ጨርሶ 4 የሳተ ደግሞ 56 ለ48 ተካፍሎ በ60 ሲባዛ 70 ይሆናል። ቀሪውን ሴኮንድ መመዝገብ የረሳ መዛኝ ይህን ልጅ 56 ብሎ ይበድለዋል።

ወደ ምዘናው ከመነሣትዎ በፊት ሁለት መዛኞች አንዱን ልጅ አብረው ሰምተው ለየብቻ ይመዝግቡ። ከ100 ፊደል ቢያንስ በ90ው ካልተስማሙ ልምምዱ አላለቀም።

ባዶ ቦታና ዜሮም አንድ አይደሉም። ተመዝኖ ምንም ያላነበበ ልጅ 0 ይጻፍለታል፣ አማካይ ውስጥም ይገባል። ከ10 ልጆች 6ቱ 30 ቃል ቢያነቡ፣ 4ቱ ምንም ባያነቡ፣ የክፍሉ አማካይ 18 ነው። አራቱን አውጥቶ 30 ብሎ የሚልክ ሪፖርት እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ይሰውራቸዋል፤ ስለዚህ ከአማካዩ ጎን የዜሮዎቹን ብዛት ለብቻው ይጻፉ።