ውሻዬ ቅርንፉዱን ትቶ የእኔን እጅ ሲፈልግ ነበር

እዚህ ሜሪላንድ ከውሻዬ ጋር የማሽተት ስፖርት እንለማመዳለን። ውሻው ሣጥኖችን እያሸተተ የተደበቀ ዘይት ይፈልጋል፤ የተለመዱት ሽታዎች የበርች ዛፍ፣ የአኒስና የቅርንፉድ ናቸው። እኛ በቅርንፉድ ጀመርን።

እኔ ስደብቀው አንድም አይስትም። ሌላ ሰው ሲደብቀው ግን ግራ ይገባዋል። ለካ በእጄ የምነካው ቅርንፉድ ያለበትን ሣጥን ብቻ ነበር! እሱም የእኔን እጅ ሽታ ተከትሎ ይሄዳል። ብልጥ ነው፤ ሞኟ እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ዘይት የነካውን የጆሮ ጥጥ በጓንትና በወረንጦ ብቻ መያዝ ጀመርኩ። ሣጥኖቹን ደግሞ፣ ባዶዎቹንም ቅርንፉድ ያለበትንም፣ ሁሉንም በእጄ አሻሸኋቸው። የእጄ ሽታ ሁሉም ጋ ካለ ምንም አይነግረውም። የሽልማት ሥጋውንም የምሰጠው አፍንጫው ቅርንፉዱ ላይ ሲደርስ፣ እዚያው ቦታው ላይ ነው። ልምምዱንም ከወጥ ቤት አወጣሁት፤ ሻያችን ራሱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላላ!

ባለፈው ቅዳሜ ጓደኛዬ ጥጡን የመኪና ጎማ ሥር ደበቀችው። የት እንዳለ እኔም አላውቅም። ጎማውን አልፎ ሄደ፣ ድንገት አንገቱን መለሰ፣ ተጠግቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።